መቶ ሃያ ካርድ፣ አራት ደወል፦ የአንድ ክረምት የጥያቄና መልስ ዝግጅት ማስታወሻ

ሐምሌ 5

ዛሬ ጀመርኩ። ጳጉሜን 2 ቀን እዚህ ጎንደር በሰፈራችን አዳራሽ ለሚካሄደው የልጆች ጥያቄና መልስ ውድድር፣ ጥያቄውንም ደወሉንም አዘጋጃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። 120 ካርድ ነው። ታሪክ፣ ስፖርት፣ ምግብ፣ ሃይማኖት፣ ማዕረግ፤ ለእያንዳንዱ 24። ተወዳዳሪው አራት ቡድን፣ በቡድን አራት ልጅ።

ለምን እንደያዝኩት ልጻፈው፤ ሥራው ሲከብደኝ ተመልሼ አነበዋለሁ። አምና ጥያቄ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። «ጎንደር በስንት ተቆረቆረች?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ብድግ ብሎ «1628!» አለ። የያዝኩት ወረቀት 1636 ይላል። «አልተመለሰም» አልኩና ወደ ሌላው ቡድን አለፍኩ። ልጁ ከመድረክ ሲወርድ ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ነው የገባኝ፤ 1636 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ በእኛው 1628 ነው። ልጁ ልክ ነበር። ጥያቄው ግን ሁለት መልስ ነበረው፣ እኔ የማውቀው ደግሞ አንዱን ብቻ።

ስለዚህ የዘንድሮው ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ወይ ይታረማል ወይ ይጣላል። ከካርዱ ጀርባ መልሱ፣ ተቀባይነት ያለው ሌላ አጠራር ካለ እሱ፣ ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጻፋል። ያልመለሰውም ልጅ አንድ ነገር ይዞ ይውረድ።

ሐምሌ 8

ትናንት የሥላሴ ንግሥ ስለነበረ ዛሬ ሰው ሲቀልል ከሦስት ልጆች ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። «ጣሪያው ላይ ስንት የመላእክት ፊት ተስሏል?» የሚል ጥያቄ ጽፌ ነበር። አራታችንም አንገታችን እስኪያመን ለየብቻ ቆጠርን። አራት የተለያየ ቁጥር ወጣ። ጥግ ላይ የደበዘዙትን አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይዘላል። ካርዱ ወደቀ። በምትኩ «በየትኛው የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው የመላእክት ፊት በረድፍ የተሳለው?» አልኩ።

እዚያው ቆመን ሌላ ካርድ ወጣልን፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ደርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ ሥላሴ ተረፈ። «1888» ስላቸው ሦስቱም ልጆች ባንድ አፍ «ዓድዋ!» አሉ። የዓድዋው 1888 ግን ዓመተ ምሕረት ነው፣ የካቲት 23። በአውሮፓውያን 1896 ይሆናል። የጎንደር ቃጠሎ በእኛ ሲቆጠር 1880 ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ዘመን፣ በመካከላቸው ስምንት ዓመት። ከአሁን በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ካርድ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ልዩነቱም ሁልጊዜ ስምንት አለመሆኑን ጻፍኩላቸው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት።

ሐምሌ 13

የታሪክ ካርዶች። ዝናቡ ስላላስወጣኝ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ፤ 19 አለቁ።

የጎንደር ነገሥታት የዙፋን ስም ለጥያቄ የተፈጠረ ይመስላል። ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ልጃቸው ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አድያም ሰገድ፣ በካፋ መሲሕ ሰገድ፣ ዳግማዊ ኢያሱ ብርሃን ሰገድ። የዳግማዊ ኢያሱ እናት እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ብርሃን ሞገሳ። እናትና ልጅ በ«ብርሃን» ይጋራሉ፤ ልጆቹን የሚፈትናቸው እዚህ ጋ ነው። «ብርሃን» ብሎ ያቆመ ልጅ መልስ አልሰጠም፤ ከካርዱ ጀርባ ይህንኑ አስፍሬያለሁ።

«ዐፄ ኢያሱ» ብቻ ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው። ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 ነገሡ፣ ዳግማዊ ከ1730 እስከ 1755። ልጅ ኢያሱ ደግሞ ዘውድ ስላልጫኑ «ልጅ» እንደተባሉ ቀሩ።

«ዐፄ ቴዎድሮስ የት ዘውድ ጫኑ?» ልጆቹ ሁሉ ጎንደር ይላሉ፤ ስለሚወዷቸው። መልሱ ደረስጌ ማርያም ነው፣ ስሜን ውስጥ፣ በ1847 ዓ.ም.። ይህን ካርድ ማንም እንዳያወጣብኝ፤ የሰፈራችን ልጅ ይህን ማወቅ አለበት።

ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። «ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው» ብዬ ልጽፍ እጄን ካነሣሁ በኋላ ተውኩት። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከገቡት 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ግቢያችን በዓመቱ ነው የተከተለው። «የመጀመሪያው»፣ «ትልቁ»፣ «ብቸኛው» የሚሉ ቃላትን በቀይ ማርከር ማክበብ ጀመርኩ። ቀይ ያለበት ካርድ ሁለት ጊዜ ይመረመራል።

የራስ ዳሸንን ከፍታ ጣልኩት። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይል ነበር፣ በኋላ የተለካው 4,550 ነው። አባት አንዱን፣ ልጅ ሌላውን ተምሯል። ካርዱ «በኢትዮጵያ በከፍታ አንደኛ የሆነው ተራራ ማን ይባላል?» ሆነ።

ሐምሌ 18

ደወሉ። አምና ማን ቀድሞ እጁን እንዳወጣ በዐይን ነበር የምንዳኘው፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚያ ነው የመጣው። ወንድሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቁጭ ብለን ንድፍ አወጣን። በየቡድኑ ጠረጴዛ ላይ የበር ደወል መጫኛ አንድ፣ አምፖል አንድ፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ኃይል ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) አንድ። ቀድሞ የተጫነው ቡድን ሪሌ ሲስብ የራሱን አምፖል ያበራል፣ ወደ መጫኛዎቹ የሚሄደውን መስመር ይቆርጣል፣ አንባቢዋ ማጥፊያውን እስክትጫን ድረስም ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። ኃይሉ ከሞተር ሳይክል ባትሪ፣ 12 ቮልት። የክረምት መብራት አይታመንም።

ዕቃውን ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ሰበሰብነው። ሣጥኑን ከሳሙና ካርቶን ልሠራው አስቤ ነበር፤ ወንድሜ «ልጆች በክንዳቸው ነው የሚመቱት» ብሎ ከጣውላ ሠራው።

ሐምሌ 26

ስፖርት። ቀላል መስሎኝ ነበር የጀመርኩት፤ ቀይ ማርከሩ ያለቀው ግን እዚህ ነው።

«የመጀመሪያው አፍሪካዊ የኦሎምፒክ ወርቅ ተሸላሚ ማን ነው?» አበበ ቢቂላ ብለን ነው ሁላችንም ያደግነው። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ አይደለም። ከእሱ በፊት ደቡብ አፍሪካዊው ሬጂ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ላይ በ100 ሜትር፣ ግብፃዊው ሰይድ ኖሴር በ1928 አምስተርዳም ላይ በክብደት ማንሣት ወርቅ ወስደዋል። አበበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። አንዲት ቃል ስትጨመር እውነት ይሆናል፤ ክብሩም አይቀንስም። ሮም፣ 1960፣ በባዶ እግር፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ቶኪዮ፣ 1964፣ በጫማ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። «አበበ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግር ነው ወይስ በጫማ?» የሚል ካርድ ከአንዲት መምህርት ደርሶኝ ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ስለማይናገር መለስኩላት።

ደራርቱ ቱሉም እንዲሁ። ባርሴሎና፣ 1992፣ 10,000 ሜትር፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ባለ ወርቅ። «ጥቁር» ከወጣች የደቡብ አፍሪካዋ አስቴር ብራንድ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በከፍታ ዝላይ፣ የሞሮኮዋ ነዋል ኤል ሙተወኪል በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል ይቀድማሉ። እነዚህን ስሞች ከካርዱ ጀርባ አስፍሬያለሁ፤ ልጆቻችን የሌላውንም አገር ጀግና ይወቁ።

የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። በፍጻሜው 4 ለ 2 ያሸነፍነው ማንን ነው? ልጁ «ግብፅ» ቢልም «የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ» ቢልም ልክ ነው፤ የዚያን ጊዜ የግብፅ ስም ነበርና። ሁለቱም ከጀርባው ተጽፈዋል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ለዚህ ለብቻው ካርድ ሰጠሁ።

ስለ ፋሲል ከነማ አንድ ካርድ ብቻ፦ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሡት በስንት ዓ.ም. ነው? በ2013። ቀላል ነው፣ አውቃለሁ። አዳራሹ በሙሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ መኖር አለበት።

ነሐሴ 4

የምግብ ካርድ በፍልሰታ ጾም። ጎረቤቴ እማማ ከኪዳን ሲመለሱ ጠብቄ ስለ ዶሮ ወጥ አወራኋቸው፤ «ልጄ፣ በጾም ምራቄን አታስውጪኝ» አሉኝ፤ ነገር ግን ቁጭ አሉ። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ይህ ቁጥር የሁሉም ቤት ነው። የብልቶቹን ስም በሙሉ ልጠይቅ ብዬ ከእሳቸው ሌላ ሁለት እናቶች ጋ ሄጄ አስቆጠርኩ። ፈረሰኛውና መላላጫው ላይ ሁሉም ይስማማሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን አንዷ ቤት የሚለው ስም ሌላዋ ቤት ሌላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ካርድ ሆነ፣ ዝርዝሩ ቀረ።

እማማን ያስደነገጣቸው የበርበሬው ካርድ ነው። ቃሪያና በርበሬ መነሻቸው አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩት ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከደረሰበት ወዲያ ነው። ቲማቲም፣ ድንችና በቆሎም እንዲሁ። እማማ ድልህ የሚያዋሕዱበትን ገበቴ እያዩ ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ አክሱም ላይ ወጡን በምን ያቀሉት ነበር?» አሉ። በዚያ ዘመን ወጡ ቀይ እንዳልነበረ ስነግራቸው አዘኑ። ኮረሪማው ግን የአገራችን ተክል ነው፣ ጤፉም፣ ጌሾውም፣ ቡናውም። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ የሕንድ ነው። ከዚህ ንግግር አምስት ካርድ ወጣ፤ ከመጽሐፍ ያወጣኋቸው አምስት ካርዶች ግን እንደዚህ ሰው አላስደነቁም። የእማማን ጥያቄ እንዳለ ወሰድኩት፦ «ከእነዚህ ውስጥ በአክሱም ነገሥታት ማዕድ ሊኖር የማይችለው የቱ ነው? ጤፍ፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ፣ ማር።»

እንጀራ ላይ አንድ ብቻ፦ ሊጡ ከቦካ በኋላ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውኃ በስሎ የሚመለስበት ምን ይባላል? አብሲት። ወንዶቹ ልጆች ይህን ካልመለሱ እናቶቻቸው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ።

ነሐሴ 11

ሃይማኖት። በዚህ ዘርፍ ብቻዬን አልወስንም ብዬ ነበር። ሁለት ሰው ለመንኩ፤ በዓታ የተማሩ አንድ መሪጌታና አዲስ ዓለም የሚያስቀሩ አንድ ሼኽ።

መሪጌታ ካርዶቹን በእርሳስ አረሙልኝ። «ዐቢይ ጾም ስንት ቀን ነው?» 55 ብዬ ነበር፤ ልክ ነው፣ ግን ጌታ የጾመው 40 ስለሆነ ልጆች ይቀላቅላሉ። ጀርባው ላይ እንዲህ አስጻፉኝ፦ ዘወረደ 8፣ የጌታ ጾም 40፣ ሕማማት 7። «ቅዱስ ያሬድ የደረሳቸው ሦስቱ ዜማዎች?» ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፤ ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅም ይታለፍ አሉ። የመጽሐፍ ቅዱሳችን ቁጥር 81። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጨመሩልኝ፤ የዜማ ትምህርት ማስመስከሪያዎች፣ ማለትም ተማሪው መጨረሱ የሚመሰከርባቸው ቦታዎች። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም የእኛዋ ጎንደር በዓታ። «የከተማው ልጅ በበዓታ በር እያለፈ ይህን ካላወቀ ምን ያውቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሼኹ ዘንድ ማታ ደረስኩ። የቁርኣን ምዕራፍ 114 መሆኑን ጽፌ ነበር። «ይሄ ለማንም ቀላል ነው፤ እንዲህ ጠይቂ» አሉኝ፦ ቢስሚላህ የሌላት ምዕራፍ የትኛዋ ናት? ተውባ። ሁለት ጊዜ የሚገኝባትስ? ነምል። በዚህም የቢስሚላህ ቁጥር ተመልሶ 114 ይሞላል። ነገሩን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ፤ እኔም ካርዱን እዚያው ጻፍኩት። ከዚያ አንዱን ካርዴን መለሱልኝ። «ኢትዮጵያ ተወልዶ የመጀመሪያው ሙአዚን የሆነው ማን ነው?» ብዬ ነበር። ቢላል ዘሩ ሐበሻ ነው፣ የተወለደው ግን መካ ነው። «ዘሩ ከሐበሻ የሆነ» ተብሎ ታረመ። የመጀመሪያው ስደት ወደ ሐበሻ፣ እ.ኤ.አ. 615፣ እንዳለ አለፈ።

ለቤተ እስራኤል አንድ ካርድ፦ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚከበረው በዓል? ሲግድ። የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ ከከተማችን ጥግ ናት፤ ልጆቻችን በሸክላዋ ብቻ እንዳያውቋት።

ነሐሴ 17

ደወሉን ገጣጠምነው። መጀመሪያ ስጫነው «ትርርርር» አለ፤ ሪሌው ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል። አምፖሉ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ግማሽ ሰዓት መስመር ሲከተል ቆየ። ምክንያቱ ይኸው፦ ሪሌ ሲስብ መጀመሪያ አንዱን መስመር ይከፍታል፣ ከዚያ ነው ሌላውን የሚዘጋው። በመካከል ባለችው ቅጽበት የጋራውን መስመር ቆርጦ ራሱንም ያለ ኃይል ያስቀራል። በየሪሌው ጥቅል ላይ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድን፣ ፖዘቲቩን ወደ ፖዘቲቭ። ካፓሲተሩ ያችን ቅጽበት ያሻግረዋል። አሁን «ጠቅ» ይላል፣ ያበራል፣ ይይዛል። እኔና ወንድሜ እየተሽቀዳደምን ሃያ ጊዜ ተጫንን፤ አንድ ጊዜም ሁለት አምፖል አልበራም።

ነሐሴ 23

ማዕረግ። በጣም የምወደው ዘርፍ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር።

የሰፈር ስሞቻችን ራሳቸው ማዕረግ ናቸው። አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት። አቡኑ ከግብፅ የሚመጡ ጳጳስ፣ እጨጌው የአገሩ መነኮሳት አለቃ። ኢትዮጵያ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ አቡነ ባስልዮስ። እጨጌ ቤት የሚኖር ልጅ «እጨጌ ማን ናቸው?» ሲባል ዝም እንዳይል ሁለት ካርድ አደረግኩለት።

የፈረስ ስሞች፦ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ አራተኛው ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ጠቅል ኃይለ ሥላሴ፤ ከመኳንንቱ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ።

የጦር ማዕረጎቹን በወረቀት ከመጠየቅ በመድረክ እንዲቆሙ አደረግኩ። አራት ሰሌዳ አዘጋጀሁ፤ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች። መድረኩ ላይ ያለው ወንበር የንጉሡ ድንኳን ነው። ቡድኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በየቦታው ይቆማል፦ ፊታውራሪ ፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ከድንኳኑ ደጅ። በራሴ ልጆች ስሞክረው ወዲያው ተጣሉ፤ ቀኝ የማን ቀኝ? የተመልካቹ ወይስ የሠራዊቱ? ሕጌ እዚህም መጣ። ካርዱ ላይ «ፊታችሁን ወደ ጠላት፣ ማለትም ወደ ተመልካቹ አዙራችሁ» ብዬ ጨመርኩ።

ሌላም ጥያቄ ተነሣ፤ «ፊት የሚሄደው ፊታውራሪ ከሆነ ለምን ደጃዝማች ይበልጠዋል?» ቦታና ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት የደረጃውን ቅደም ተከተል በሌላ ካርድ አደረግኩት፦ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ።

ነሐሴ 29

ሙከራ። የአምናውን ልጅ ቤቱ ሄጄ ጠራሁት። ተወዳዳሪ ሳይሆን ካርድ መርማሪ እንዲሆንልኝ ነበር የለመንኩት። ከመጀመራችን በፊት ስለ 1628ቱ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እናቱ ባሉበት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ዓመቱ ከተጻፈበት ድንጋይ ነው ያነበብኩት» አለኝ፤ ያን ጊዜ ይህንን እንኳ እንዲናገር ዕድል አልሰጠሁትም።

120ውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ሰባት ካርድ ለየብቻ አስቀመጠ። አንዱ «ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በስንት ነው?» ይላል፤ «ዓ.ም. የት አለ?» አለኝ። 2012 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 2019። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ።

ጳጉሜን 2

ዛሬ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፄ ጠፋ፤ ሃያ ደቂቃ አቆምን። መብራትም ሄደ፤ ደወሉ ግን በባትሪው ሠራ፣ ማንም ልብ አላለውም። ማን ቀደመ የሚል ክርክር አንድም አልተነሣ።

የበርበሬው ካርድ ሲነበብ ሦስት ቡድን «ማር» አለ። አራተኛው በርበሬ ብሎ ሲያገኝ አዳራሹ አልተቀበለም፤ ማብራሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ እማማም ከኋላ ተነሥተው «እውነት ነው፣ አጣርቻለሁ» አሉ። የሰሌዳውን ጨዋታ ሁለት ቡድን ያለ ስሕተት ቆመ። የፋሲል ከነማን ካርድ ገና «የፕሪሚየር ሊጉን» ስል ቤቱ በጩኸት መለሰ፤ ነጥቡን ለማንም አልሰጠሁም።

አንዱ ካርድ ጣለኝ። «ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?» ቀድሞ የተጫነው ቡድን 5 አለ፣ ወረቀቴም 5 ይላል። ሁለተኛው ቡድን «6ም ትሆናለች» ብሎ ተቃወመ። ልክ ነው። ለሁለቱም ነጥብ ሰጠሁ፣ ለምን እንደሆነም ለአዳራሹ ተናገርኩ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በዝናቡ እየተጠመቁ ይጮኻሉ። ባትሪውን ለባለቤቱ መለስኩ፣ ሣጥኑን በላስቲክ ጠቀለልኩ። ሦስት ካርድ እንደገና ተጻፈ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦

«በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስንት ቀን ትሆናለች?»

ጀርባው፦ 6። በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ነው፤ በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ 5።